ስለ ድቡልቡል ትሎች ጡንቻ አሠራርና ስለ መድኃኒታቸው

(በጅቡቲ ከተማ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በአማርኛ ንግግር ውስጥ ወስፋት የማይነሣበት ቤት የለም። የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፤ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋበትም «ወስፋቴ ተዘጋ» ይላል። ይህ አነጋገር ትሉ ከጥንት ጀምሮ በሰው ሆድ ውስጥ እንደ ቤተኛ ተቈጥሮ መኖሩን ያመለክታል። ሰው ደግሞ ቤተኛ ስለ ሆነ ነገር መጠየቅን ይተዋል። ስለ ወስፋት ብዙ ሲነገር፣ ወስፋት በምን ኀይል በሆድ ውስጥ እንደሚቀመጥና መድኃኒት ሲወሰድለት ለምን እንደሚወጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት የሆነው ስለዚህ ነው።

መልሱ ባጭሩ ሲነገር፣ ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ የሚቀመጠው በጡንቻው ኀይል ነው። አንጀት የያዘውን ሁሉ ሳያቋርጥ ወደ ታች ይገፋል። ወስፋት የሚነክስበት ጥርስ ወይም የሚንጠለጠልበት መንጠቆ የለውም፤ የሚኖረው በዚያ ጐርፍ ላይ ሌሊትና ቀን ሽቅብ እየተንቀሳቀሰ ነው። ጡንቻው ለጥቂት ሰዓት ከሥራ ቢታገድ ከዕዳሪ ጋር ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ የትሉ ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተርና እንዴት እንደሚላላ ያወቀ ሰው መድኃኒቱ በምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ከዚያም አልፎ መድኃኒቱ አንድ ቀን ለምን መሥራት እንደሚያቆም ያውቃል። የዚህ ንግግር ዐላማ ይህን ሁለተኛውን ነገር ከመጀመሪያው አንሥቶ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በጅቡቲ ከተማ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። የጅቡቲ ምድር ደረቅና ሞቃት ነው፤ በከተማው በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊሜትር አይሞላም። የወስፋት ዕንቁላል ግን ከሰው ከወጣ በኋላ በውስጡ ያለው ትል እስኪያድግ ድረስ ለጥቂት ሳምንታት እርጥበትና ጥላ ያለው አፈር ይፈልጋል፤ በፀሐይ የተቃጠለ ደረቅ መሬት አይስማማውም። እንዲህ ሲታይ ከተማው በተፈጥሮው የተጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን ከተማ የሚኖረው በራሱ አፈር ብቻ አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ደጋውና ወደቡ ተሳስረዋል፤ በ2018 የመደበኛ አገልግሎት ሥራውን የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ይህንኑ መንገድ አደሰ። ጅቡቲ ከተማ የሚበላው አትክልትና ፍራፍሬ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ይመጣል። ሰላጣ ወይም ጎመን የሰው ዕዳሪ በነካው አፈር ወይም ውሃ ከበቀለ፣ በቅጠሉ ላይ ተጣብቆ የሚጓዘው ዕንቁላል ድንበር አያግደውም።

ከአትክልቱም ሌላ እንስሳቱ አሉ። ከኢትዮጵያና ከሶማሌ ምድር የሚነዱት በጎች፣ ፍየሎች፣ ከብቶችና ግመሎች ወደ ዐረብ አገር ከመሻገራቸው በፊት ከጅቡቲ ከተማ በስተደቡብ ዳመርጆግ በተባለው ስፍራ፣ በ2006 በተከፈተው የእንስሳት ማቆያ ይቆያሉ። የበግ ሆድ ደግሞ የራሱ ድቡልቡል ትሎች አሉት። ስለዚህ በዚህ ወደብ የሚያስተምር መምህር፣ ከተማሪዎቹ መካከል የነጋዴ ልጅ፣ የእረኛ ልጅና የአትክልት ሻጭ ልጅ ያለበት መምህር፣ ስለ ትል ሲናገር ስለ ሩቅ ነገር አይናገርም።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባት በፊት አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ ስሙ የታወቀው ኮሶ፣ ማለት በኮሶ ዛፍ አበባ ሲታከም የኖረው ትል፣ ጥሬ ሥጋ በመብላት የሚመጣ ጥፍጥፍ ትል ነው፤ አካሉም በብዙ ቁራጮች የተቀጣጠለ ነው። ወስፋት ግን ድቡልቡል ነው። የመንጠቆ ትልና የጅራፍ ትልም ከእርሱ ወገን ናቸው። የወስፋት እንስት እስከ 35 ሳንቲሜትር ትረዝማለች፤ በአንድ ቀንም እስከ 200,000 ዕንቁላል ትጥላለች። የመንጠቆ ትል ግን ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ይሁን እንጂ የአንጀትን ግድግዳ ነክሶ ደም ስለሚመጥ፣ ብዙ ሆኖ በአንድ ልጅ ሆድ ሲገኝ ልጁን ያገረጣዋል፤ ያደክመዋል። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

የእነዚህን ትሎች ጡንቻ በሰው ሆድ ውስጥ ሳሉ መመርመር አይቻልም። ሊቃውንት ዕውቀቱን ያገኙት ከአንድ ትንሽና ጉዳት የሌለው ዘመዳቸው ነው። ሴኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ የሚባለው ይህ ትል ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ በበሰበሰ ፍሬና በበሰበሰ ቅጠል መካከል ባክቴሪያ እየበላ ይኖራል። አካሉ እንደ ብርጭቆ ስለሚያሳይ ሕይወት እያለው በማይክሮስኮፕ ውስጡን ማየት ይቻላል። ያደገው ትል ከዘር ሕዋሳቱ በቀር 959 ሕዋሳት ብቻ አሉት፤ ከእነርሱም 302ቱ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው።

ይህን ትል ለምርምር የመረጠው በ1927 በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሲድኒ ብሬነር ነው። ብሬነር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሲሠራ በ1963 ሐሳቡን አቀረበ። መንገዱም ቀላል ነበር። ጂን፣ በዛሬው አማርኛ ዘረመል የሚባለው፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ በዚያ ትእዛዝ መሠረት ተሠርቶ የሕዋሱን ሥራ የሚያከናውን አካል ነው። ብሬነር ትሎቹን ዘረመልን በሚያዛባ ኬሚካል ነክሮ፣ ከልጆቻቸው መካከል እንደ ወትሮው የማይሄዱትን እየለየ አወጣ። ትእዛዙ ሲበላሽ ምን ሥራ እንደሚጐድል ካየ፣ ትእዛዙ በደኅናው ጊዜ ምን ይሠራ እንደ ነበር ያውቃል። ሰዓት ሠሪ አንዱን ጥርስ አውጥቶ የትኛው ቀስት እንደ ቆመ እንደሚያይ ማለት ነው።

በ1974 ብሬነር ባሳተመው ጽሑፍ 300 ያህል የተለወጡ ትሎችን ገልጾ 100 ያህል ዘረመሎችን ለየ፤ ከእነዚህም በ77ቱ ላይ የደረሰው ለውጥ የትሉን አካሄድ የሚያበላሽ ነበር። አካሄዳቸው ለተበላሸባቸው የተሰጠው ስም «አንክ» የሚል ነው፤ ይህም ቅንጅት ማጣትን ከሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው። እያንዳንዱም በቍጥር ተለየ፤ አንክ-54፣ አንክ-22፣ አንክ-29 እየተባለ ይጠራል። በዚህ ላይ ትሉ ለእንዲህ ያለው ምርመራ የተመቸበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል። ሽባ የሆነ በግ ወይም ሽባ የሆነ ዝንብ ዘር አያተርፍም፤ ይህ ትል ግን አብዛኛው ወንዴም ሴቴም ሆኖ ስለሚፈጠር ብቻውን ይራባል፤ በምግቡ ላይም ተኝቶ ስለሚኖር መንቀሳቀስ ቢያቅተው በረኀብ አይሞትም። ስለዚህ ጡንቻው የተበላሸ ትል በትውልድ ላይ ትውልድ ተጠብቆ ሊመረመር ቻለ።

አሁን ወደ ጡንቻው እንግባ። በትሉ አካል ላይ ከራስ እስከ ጅራት በአራት ረድፍ የተሰለፉ 95 የጡንቻ ሕዋሳት አሉ፤ ሁለቱ ረድፎች በጀርባ፣ ሁለቱ በሆድ በኩል ናቸው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ወፍራም ክሮችና ቀጫጭን ክሮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ወፍራሙ ክር በብዛት የተሠራው ማዮሲን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ ቀጭኑ ደግሞ አክቲን ከሚባል። ማዮሲን ብዙ ትናንሽ ራሶች አሉት፤ እነዚህ ራሶች ቀጭኑን ክር ይይዛሉ፣ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደ ገና ይይዛሉ። ነገሩ በወደብ ላይ ረጅም ገመድ የሚስቡ ሰዎች አንዱ ሲለቅ ሌላው እየያዘ እንደሚሠሩት ሥራ ነው። የአንዱ ራስ ጉልበት እጅግ ኢምንት ነው፤ ሁሉም ባንድነት ሲስቡ ግን ጡንቻው ይኮማተራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለጡንቻ ከሚስማማው የበለጠ ለምንም አይስማማም።

ማዮሲንን የሚያሠራው ዘረመል አንክ-54 መሆኑ የታወቀው ከ1974 እስከ 1977 በኤፕስታይን፣ በዋተርስተን፣ በማክላውድና በብሬነር ሥራ ነው። ይህ ዘረመል የጠፋበት ትል ጉሮሮው ምግብን ይስባል እንጂ አካሉ ሊሄድ አይችልም፤ ምክንያቱም የጉሮሮው ማዮሲን በሌሎች ዘረመሎች ትእዛዝ የሚሠራ ስለ ሆነ ነው። በወፍራሙ ክር እምብርት ደግሞ ፓራማዮሲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ይህንም የሚያሠራው አንክ-15 ነው። ፓራማዮሲን በትልና አከርካሪ በሌላቸው ሌሎች እንስሳት እንጂ በሰው ጡንቻ ውስጥ አይገኝም። ማዮሲንና አክቲን ግን በሰውም አሉ፤ ሕፃን እርሳስ ሲይዝ ጣቱን የሚያጥፉለት እነርሱ ናቸው።

መሳብ ብቻ ጡንቻን ጡንቻ አያደርገውም፤ በጊዜው መሳብና በጊዜው መልቀቅ ያስፈልጋል። ይህንን የሚያስረዳው አንክ-22 ነው። አንክ-22 የተበላሸበት ትል ሽባ አይሆንም፤ ነገር ግን ጡንቻው ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣል። ይህ ዘረመል የሚያሠራው ፕሮቲን በ1989 ሲነበብ ከ6,000 በላይ አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ግዙፍ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙም ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ትዊችን ተባለ። የሚሠራውም ከማዮሲን ጋር ሆኖ ስቦሹን በልክ መያዝ ነው። ይህም የታወቀው በማዮሲኑ ዘረመል ላይ የሚደርሱ አንዳንድ ለውጦች የአንክ-22ን መንቀጥቀጥ ጸጥ ሲያደርጉት በመታየቱ ነው። በሰው ጡንቻ ውስጥም ታይቲን የሚባል፣ ከ30,000 በላይ አሚኖ አሲዶች ያሉት የትዊችን ዘመድ አለ።

የዚህ የሚንቀጠቀጥ ትል ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ1998 አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከአንክ-22 ጋር የሚመሳሰል ጥንድ አር ኤን ኤ በትሎች አካል ውስጥ ሲያስገቡ የተወለዱት ልጆች ተንቀጠቀጡ፤ ይኸውም ዘረመሉ ሳይቈረጥ ድምፁ እንደ ጠፋ አስረዳ። በዚህ መንገድ አንድን ዘረመል ዝም ማሰኘት እንደሚቻል ስለ ታወቀ ሁለቱ ሊቃውንት በ2006 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ብሬነርም ከሆርቪትዝና ከሰልስተን ጋር በ2002 ተሸልሞ ነበር። በዚያው በ1998 የዚህ ትል የዘር ጽሑፍ በሙሉ፣ 100 ሚሊዮን ያህል ፊደል፣ ተነቦ ወጣ፤ ብዙ ሕዋሳት ካሏቸው እንስሳት ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጡንቻውን ማን ያዝዘዋል? የሚያዝዘው ነርቭ ነው። በሰው አካል ነርቭ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ በድቡልቡል ትል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የጡንቻው ሕዋስ ራሱ ክንድ ዘርግቶ ወደ ነርቩ ይሄዳል። በመገናኛቸው ላይ ነርቩ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያፈሳል። በጡንቻው ገጽ ላይ ይህን መልእክት የሚቀበል፣ አምስት ቁራጮች ተገጣጥመው የሠሩት በር አለ። መልእክቱ ሲነካው በሩ ይከፈታል፤ ከዚያም ካልሲየም ወደ ጡንቻው ውስጥ ይገባል፤ ከውስጥ ማከማቻውም ይለቀቃል። በቀጭኑ ክር ላይ ትሮፖማዮሲንና ትሮፖኒን የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደ መቀርቀሪያ ተጋድመው ይገኛሉ። ካልሲየም ትሮፖኒንን ሲነካው መቀርቀሪያው ፈቀቅ ይላል፤ ማዮሲኑም አክቲኑን ይይዛል። ካልሲየሙ ወደ ማከማቻው ሲመለስ መቀርቀሪያው ይዘጋል፤ ጡንቻውም ይላላል። የትሮፖኒንን ሥራ መጀመሪያ ያስረዳው ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺ በ1960ዎቹ በሌሎች እንስሳት ጡንቻ ላይ ነው፤ በትሉም ሥራው ያው ሆኖ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ትል ሲሄድ እንደ ማዕበል ይታጠፋል። አንዱ ጐን ሲኮማተር ሌላው ጐን ካልላላ መታጠፍ የለም። ስለዚህ ሌላ ነርቭ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር እያፈሰሰ ተቃራኒውን ጐን ያሳርፋል። ጋባ የሚሠራበት ዘረመል አንክ-25፣ ወይም ጋባን የሚቀበለው በር የሚሠራበት አንክ-49 ሲበላሽ፣ ትሉ ራሱ ሲነካ እንደ ወትሮው ወደ ኋላ አይሸሽም፤ ሁለቱም ጐኖቹ ባንድ ጊዜ ይኮማተሩና እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያጥራል። እንግዲህ ለትል ሕይወቱ ሁለቱ ትእዛዞች ናቸው፤ «ሳብ» የሚለውና «ልቀቅ» የሚለው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ብቻውን አያድነውም።

መድኃኒት የሚገባው በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች መካከል ነው። ሌቫሚሶል የሚባለው መድኃኒት፣ በ1960ዎቹ በቤልጅየም ከተገኘው ከቴትራሚዞል የወጣ ሲሆን፣ የአሴቲልኮሊንን በር ከፍቶ አይለቅም። የትሉ ጡንቻ ይኮማተራል፤ እንደ ተኮማተረም ይቀራል። ፓይራንቴልም እንዲሁ ያደርጋል። ቀደም ብሎ ለወስፋት ይሰጥ የነበረው ፒፐራዚን ደግሞ በተቃራኒው በኩል፣ በጋባ በር ገብቶ ጡንቻውን ያላላዋል። አንዱ መድኃኒት እንደ እንጨት አድርቆ፣ ሌላው እንደ እርጥብ ገመድ አላልቶ ትሉን ለአንጀት ግፊት አሳልፈው ይሰጡታል። አይቨርሜክቲን የሚባለው፣ ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት፣ ግሉታሜት የሚከፍተውን ሌላ በር ከፍቶ የትሉን ነርቭና የጉሮሮውን ጡንቻ ጸጥ ያሰኛል። እንዲህ ያለው በር በሰው አካል ስለማይገኝ መድኃኒቱ ትሉን ለይቶ ይመታል። በኢትዮጵያ በከፋና በሸካ ከ2001 ጀምሮ ኦንኮሰርኪያሲስ ለተባለው፣ ቆዳን ለሚያሳክክና ዓይንን ለሚያሳውር በሽታ ለሕዝብ የሚታደለው ይኸው መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይሳሳት ይገባል። በኢትዮጵያ በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተጀመረው የተማሪ ቤት የትል መከላከያ ሥራ ለድቡልቡል ትሎች የሚሰጡት አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል ጡንቻን የሚመቱ አይደሉም። እነርሱ የሚይዙት ቱቡሊን የሚባለውን፣ የሕዋስን ውስጣዊ ምሰሶዎች የሚሠራውን ፕሮቲን ነው። ይህም ዕውቀት ቢሆን የተደገፈው ከዚያው ከትንሹ ትል ነው፤ ቤን-1 የተባለው ዘረመል የተበላሸበት ትል በእነዚህ መድኃኒቶች መካከል በደኅና ይኖራልና።

ዋናውም ጉዳይ ይህ ነው። በ1980 ሉዊስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሌቫሚሶል የማይገድላቸውን ትሎች ለይተው አወጡ። የተበላሹት ዘረመሎች አንክ-29፣ አንክ-38፣ አንክ-63፣ ሌቭ-1ና ሌቭ-8 ቈይተው ሲነበቡ፣ አምስት ቁራጭ ያለውን ያንኑ የአሴቲልኮሊን በር የሚሠሩ ሆነው ተገኙ። በሩ ከሌለ መድኃኒቱ የሚያንኳኳበት የለም። ከእነዚህ ትሎች ብዙዎቹ ያለ በሩ አካሄዳቸው ደካማ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒት ባለበት ስፍራ ደካማው ሕያው ነው፤ ብርቱውም ሙት ነው። ዘር የሚያተርፈውም ሕያው የሆነው ነው።

በቤተ ሙከራ የታየው ይህ ነገር በበረት ውስጥም ታይቷል። ሄሞንከስ የሚባለው የበግና የፍየል ትል በአራተኛው የሆድ ክፍል ተቀምጦ ደም ይመጣል፤ የዓይን ሽፋን ውስጡ ይነጣል፣ ከመንጋጋ በታች ያብጣል፣ ጠቦቱም ይሞታል። በብዙ አገር ይህ ትል ሌቫሚሶልን፣ አልቤንዳዞልንና አይቨርሜክቲንን መቋቋም ጀምሯል። ሌቫሚሶልን በሚቋቋሙት የሄሞንከስ ትሎች ላይ ኤሲአር-8 በተባለው፣ የዚያው በር አንዱን ቁራጭ በሚሠራው ዘረመል ላይ ለውጥ ተገኝቷል። ትንሹ ትል አስቀድሞ የተናገረው በትልቁ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ታዲያ ዘረመሉን የሚለውጠው መድኃኒቱ ነውን? አይደለም። ለውጡ በአጋጣሚ አስቀድሞ በጥቂቶቹ ላይ አለ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው መምረጥ ነው። ባለመንጋው የበጉን ክብደት በዓይኑ ገምቶ ጐዶሎ መጠን ሲያጠጣ፣ ወይም አንዱን ክኒን ለሁለት በግ ሲያካፍል፣ ፈጽሞ የሚሞቱት ደካሞቹ ትሎች ናቸው፤ መካከለኞቹ ይተርፋሉ፣ ይራባሉ፣ ልጆቻቸውም ከእነርሱ ይብሳሉ። መንጋውን በሙሉ ያለ ፍላጎት ደጋግሞ ማጠጣትም እንዲሁ ይጐዳል፤ መድኃኒት ያልነካቸው ትሎች ከጠፉ የተቋቋሙት ብቻቸውን ምድሩን ይወርሱታልና። በደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ፋማቻ የተባለ የቀለም ሰሌዳ ሠርተዋል፤ እረኛው የበጉን የዓይን ሽፋን ገልጦ ከሰሌዳው ጋር ያስተያያል፤ የነጣውን ብቻ ያክማል። በሰው ዘንድም መጠን እንዲጠበቅ በየመንደሩ አይቨርሜክቲን የሚያድሉ ሰዎች የሰውየውን ቁመት በተመለከተ በትር ይለኩና የክኒኑን ቍጥር በዚያው ይወስናሉ። ይህ ሁሉ ቀላል ነገር ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ቀላሉን ነገር አስቀድሞ ይተወዋል።

የመምህር ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በተማሪ ቤት ክኒን ሲታደል መምህሩ ስም እየጠራ፣ ውሃ እያቀረበ፣ ሕፃኑ መዋጡን እያየ ይቆማል። ይህ መልካም አገልግሎት ነው። ነገር ግን ክኒኑን ብቻ የተቀበለ ልጅ ከወራት በኋላ ባልታጠበ እጅና ባልታጠበ ሰላጣ ትሉን መልሶ ይቀበላል፤ ምክንያቱን የተማረ ልጅ ግን ነገሩን ለእናቱ ይነግራል፤ የእረኛ ልጅ ከሆነም ለአባቱ ይነግራል። መድኃኒት አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ምክንያት ግን ከተሰጠ በኋላ በቤት ውስጥ ይኖራል።

ትምህርቱንም ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በ1917 ቤርማን የተባለ ሐኪም ያወጣው ዘዴ ዛሬም ያገለግላል። ማንቈርቈሪያ ላይ የላስቲክ ቱቦ ይገጠማል፤ ቱቦው ከታች ይታሰራል፤ ማንቈርቈሪያው ለብ ያለ ውሃ ይሞላል። ከጥላ ስፍራ፣ ለምሳሌ በአምቡሊ ወንዝ ዳር ካለ አትክልት ቦታ፣ የተወሰደ እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ ውሃው ላይ ይቀመጣል። በአፈሩ የሚኖሩት ትንንሽ ድቡልቡል ትሎች እየተንቀሳቀሱ ጨርቁን አልፈው ወደ ውሃው ይወጣሉ፤ ሽቅብ መዋኘት ስለማይሆንላቸውም ወደ ቱቦው ሥር ይወርዳሉ። በማግስቱ ቱቦው ሲፈታ የሚወርዱት ጥቂት ጠብታዎች በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ትሎቹ በማዕበል አምሳል ሲታጠፉ ይገኛሉ። ከአፈሩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ የዚያው ትምህርት ክፍል ነው።

በዚያ ጊዜ መምህሩ ለተማሪው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ ትል እንዲታጠፍ ስንት ነገር መስማማት አለበት?» የሚል። ተማሪው የሚስበውን ክርና የሚለቀውን፣ የሚያዝዘውን ነርቭና የሚያሳርፈውን፣ መቀርቀሪያውንና በሩን ሲቈጥር፣ ከእነዚህ አንዱ ሲጐድል ትሉ እንደሚወድቅ ይረዳል። በሩ ቢለወጥም መድኃኒቱ እንደሚወድቅ ከዚያው ይረዳል። ይህን የተረዳ ልጅ አድጎ ሐኪም ቢሆን፣ የእንስሳት ጠባቂ ቢሆን፣ ወይም በዳመርጆግ በር በግ የሚነዳ ነጋዴ ቢሆን፣ መድኃኒትን በልኩ ይሰጣል። ለአያቶች ወስፋት ሲጮኽ የሚሰማ እንጂ የማይታይ ነበር፤ ለልጅ ልጆች ግን በጠብታ ውሃ ውስጥ ጡንቻው የሚታይ፣ ጂኑ የሚነበብ ፍጥረት ሆኗል። የታወቀ ጠላት ከማይታወቀው ይቀላል፤ ዕውቀቱም ከመምህሩ ወደ ተማሪው፣ ከተማሪውም ወደ ቤቱ ሲደርስ የሕፃናቱ ጤናና የመንጋው በረከት ይጠበቃል።